«አንገትሽን ደፍተሽ ተማሪ» ትለኛለች እናቴ

ሰላም እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የእርስዎን ዓምድ የምትከታተለው እናቴ ናት። እኔም ከእሷ ስልክ ላይ አነበዋለሁ። ይህን የምጽፍልዎት ግን እሷ ሳታውቅ ነው።

20 ዓመቴ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለአባቴ ዲቪ ደርሶት ስንመጣ 12 ዓመቴ ነበር። አባቴ ኡበር ይነዳል። እናቴ ናርሲንግ ሆም ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። አንድ ታናሽ ወንድም አለኝ፣ 16 ዓመቱ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ወንድሜ ከቅርጫት ኳስ ልምምድ በእግሩ ሲመለስ ሁለት ፖሊሶች አስቆሙት። «የምንፈልገውን ሰው ትመስላለህ» አሉት። መሬት ላይ አጋደሙት፣ እጁን ወደ ኋላ በካቴና አሰሩት፣ ቦርሳውን አስፋልት ላይ ዘረገፉት። ትንሽ ቆይቶ በሬዲዮ የሆነ ነገር ተነገራቸውና ፈትተው «ሂድ» አሉት። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። አገጩ ተልጦ ነው ቤት የገባው። ለእናቴ «ስጫወት ወድቄ ነው» አላት። እውነቱን የነገረው ለእኔ ብቻ ነበር።

እኔ ግን አላስቻለኝም፣ ለሁለቱም ነገርኳቸው። እናቴ አለቀሰች። በ97ቱ ግርግር ታናሽ ወንድሟን ከሰፈር አፍሰው ወስደውት ነበር። ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ ትላለች። አሁን ቃሏ አንድ ብቻ ነው፤ «ሰው አገር ነው ያለነው፣ አንገትሽን ደፍተሽ ተማሪ»። አባቴ ደግሞ «ኮፍያህን አውልቅ ስለው አይሰማም። እኛን ከጥቁሮቹ ጣጣ ውስጥ ምን ዶለን?» ይላል።

ግቢያችን ውስጥ የጥቁር ተማሪዎች ማኅበር አለ። በግቢው ፖሊስ ጉዳይ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቢሮ ገብተው፣ መልስ ሳናገኝ አንወጣም ብለው ሊቀመጡ ነው። አብሬአቸው መሆን እፈልጋለሁ። ቢያስሩኝም ይሰሩኝ ብያለሁ። ግን ያለኝ ግሪን ካርድ ነው። አባቴ ራሱ ዜግነት የወሰደው ባለፈው ዓመት ነው። የምማረውም በስኮላርሺፕ ነው። በዚያ ላይ ስብሰባው ላይ አንዷ ልጅ «እናንተ ሐበሾች እኮ ራሳችሁን ጥቁር አትሉም» አለችኝ። መልስ አጣሁ። የአባቴ ንግግር ትዝ አለኝ።

ሌሊት ሌሊት የፖሊስ ቪዲዮ ሳይ አነጋለሁ። ሁለት ፈተና ወደቅኩ። አንድ ሴሚስተር አቋርጬ በዚህ ጉዳይ ብቻ ብሠራስ እላለሁ። እናቴን ሳላስለቅስ፣ ወንድሜንም ሳልክድ ምን ማድረግ እችላለሁ?

ግራ የገባኝ፣ ከሜሪላንድ

*

የኔ ልጅ፣ ከሁሉ በፊት ስለ ወንድምሽ ልጠይቅሽ። እንዴት ነው? እንቅልፍ ይወስደዋል? ልምምዱን ቀጥሏል ወይስ ሰበብ እየፈጠረ መቅረት ጀምሯል? በዚያ መንገድ ይሄዳል? ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ እናትሽም፣ ስለ አባትሽም፣ ስለ ተቃውሞውም አለ። እሱ ምን እንደሚፈልግ ግን አላገኘሁም።

ለአንቺ ብቻ ያለሽን ለወላጆቻችሁ ነግረሻል። ደግ አድርገሻል፤ እንዲህ ያለ ነገር የ16 ዓመት ልጅ ብቻውን ተሸክሞት ሊኖር አይገባም። ግን አንድ ቀን ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ «ሳልጠይቅህ በመናገሬ ተቀይመኸኛል?» በይው። ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚው። ሰው እያየው መንገድ ዳር መጋደሙ ከአገጩ ቁስል የበለጠ ሳያመው አልቀረም። አሁን የሚያስፈልገው «ይህ የሆነው በአንተ ጥፋት አይደለም፣ በኮፍያህም አይደለም» የሚለው ሰው ነው። ያንን ከአባቱ አልሰማም። ከአንቺ ይስማ።

ፈቃደኛ ከሆነ ደግሞ የሆነውን ሁሉ ወረቀት ላይ አስፍሩት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃል በቃል፣ ፖሊሶቹ ምን እንደሚመስሉ። ምልክቱ ካልጠፋ አገጩን ፎቶ አንሺው። እዚያ አካባቢ ካሜራ ያለው ሱቅ ወይም ቤት ካለ ልብ በሉ። ነገውኑ ክሰሱ ማለቴ አይደለም። ነገር ይረሳል፣ ቪዲዮም ይጠፋል። ፖሊሶቹ ደረታቸው ላይ የሚያደርጉት ካሜራ የቀረጸው ለዘላለም አይቀመጥም። ይህ ቪዲዮ እንዳይጠፋ ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል፣ ሦስት ሳምንት ደግሞ አልፏል።

የምትኖሪው ሜሪላንድ መሆኑ አንድ ነገር ያቀልልሻል። ከዚህ በታች ከ97ቱ ምርጫ በቀር ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ። ሜሪላንድ በ1974 በዲሲፕሊን ለሚመረመሩ ፖሊሶች ልዩ ከለላ የሚሰጥ ሕግ በማውጣት ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ነበረች። በ2021 ያንኑ ሕግ ሻረችው። አገረ ገዢው አልቀበልም ቢሉም ምክር ቤቱ በድምፅ አሸነፋቸው። ዛሬ በእያንዳንዱ ካውንቲ፣ እንደ እኛ ዞን ወይም ወረዳ በሉት፣ ከሲቪሎች የተውጣጣ የፖሊስ ተጠያቂነት ቦርድ አለ። ቅሬታ ይቀበላል፣ ስብሰባም ያደርጋል። የግዛቱ ሕግ ፖሊስ ሰው ሲያስቆም ስሙን፣ መለያ ቁጥሩንና ያስቆመበትን ምክንያት እንዲናገር ያስገድዳል። በሰላም ቆሞ የሚቀርጽ ሰውንም አትቅረጽ ማለት አይችልም። ወንድምሽ ስማቸውን ነግረውታል? ካልነገሩት ይኸው አንድ የቅሬታ ነጥብ።

ቅሬታ ይግባ አይግባ የሚለውን ግን እሱና ወላጆቻችሁ ይወስኑ። ከመግባቱ በፊት ጠበቃ አማክሩ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪ ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጥ ቢሮ አላቸው፣ የአንቺም ካለው ከዚያ ጀምሪ። ኤሲኤልዩ የሚባለው የመብት ድርጅትም የሜሪላንድ ቅርንጫፍ አለው።

ጠበቃ ጋ ስትሄዱ ሌላም ነገር ጠይቁልኝ። አባትሽ ባለፈው ዓመት ዜግነት ወስዷል ብለሻል። አንቺ ያኔ 18 አልፎሻል፣ ስለዚህ ለራስሽ ማመልከት ይኖርብሻል። ወንድምሽ ግን ግሪን ካርድ ይዞ ከአባቱ ጋር የሚኖር ከ18 በታች የሆነ ልጅ ነው። በሕጉ መሠረት አባቱ ቃለ መሐላ በፈጸመበት ቀን እሱም ያለ ምንም ማመልከቻ ዜጋ ሆኗል። ብዙ የእኛ ቤተሰብ ይህን አያውቅም። ልጁ ዜጋ ሆኖ ሳለ ለዓመታት ያረጀ ግሪን ካርድ ይዞ ይዞራል።

አሁን ወደ እናትሽ።

የእናትሽን ፍርሃት ካለማወቅ እንዳትቆጥሪው። የታጠቀ ሰው ወጣት ላይ ምን ማድረግ እንደሚችል ከግቢሽ ተማሪዎች ከብዙዎቹ የበለጠ የምታውቀው እሷ ናት። የ97ቱን ምርጫ ተከትሎ በሰኔና በቀጣዩ ጥቅምት በነበረው ግድያ 193 ሰዎች መሞታቸውን የአጣሪ ኮሚሽኑ ምክትል ሰብሳቢ የነበሩት ዳኛ ከአገር ወጥተው ነው የተናገሩት። የታፈሰውማ ስንት ነው። የእሷ ወንድም ከእነዚያ አንዱ ነበር። አንቺ «ተቃውሞ ልወጣ ነው» ስትያት በዓይኗ የሚመጣው የዩኒቨርሲቲ ቢሮ አይደለም፣ የጭነት መኪና ነው።

ስለ አጎትሽ ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? ለማሳመን ብለሽ ሳይሆን ለማወቅ። ስንት ዓመቱ ነበር? ምን ይወድ ነበር? ስትፈልገው የት የት ሄደች? ስሙን በየትኛው እስር ቤት በር ላይ ጠራች? ከሌሊት ፈረቃ ደክማ ስትገባ አይሁን፤ ዕረፍት ባላት ቀን ቡና አፍይላትና ጠይቂያት። ለ16 ዓመት ልጇ የፈራችውና ለወንድሟ ያለቀሰችው አንድ ነገር መሆኑን አንቺ ሳትነግሪያት ራሷ ታገኘው ይሆናል። ላታገኘውም ትችላለች። ቢያንስ ግን ፍርሃቷን የምትረጅ ልጅ እንዳላት ታውቃለች።

ከዚያ የምታደርጊውን አትደብቂያት። «እማዬ፣ የምታሰር ሥራ ውስጥ አልገባም፣ የምሄድበትን ሁሉ እነግርሻለሁ» ብለሽ ቃል ብትገቢላት ብዙ ይቀላታል። ይህን ቃል እንድትገቢ የምፈልግበት የራሴ ምክንያትም አለኝ፣ እመጣበታለሁ።

አባትሽ «ምን ዶለን?» ብሏል። ይህ አባባል በየቤታችን አለ፣ በየማኅበሩም ይሰማል። በክርክር አታሸንፊውም፣ አትሞክሪውም። እንዲያው ራት ላይ «አባዬ፣ ፖሊስ አስቁሞህ ያውቃል? ሲያስቆምህ እጅህን የት ነው የምታደርገው?» በይው። ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ የሚውል ጥቁር ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ አያጣም። መሪው ላይ፣ ጣት ዘርግቶ፣ ሳይንቀሳቀስ። ማን አስተማረው? ለምንስ መማር አስፈለገው? ከዚያ ወዲያ ያለውን እሱ ራሱ ይጨርሰው።

የሙሉጌታ ሠራውን ታሪክም ንገሪው። ምናልባት ሰምቶት ረስቶት ይሆናል። ሙሉጌታ ለትምህርት ብሎ አሜሪካ የመጣ የ28 ዓመት ወጣት ነበር። በኅዳር 1988 ኦሪገን ውስጥ ፖርትላንድ ከተማ፣ ከሚኖርበት ቤት ደጃፍ ላይ ሦስት ጭንቅላታቸውን የተላጩ ነጭ ዘረኞች መጡበት፣ በቤዝቦል ዱላ ተመትቶ ሞተ። ሐበሻ ነህ ወይስ ምንድን ነህ ያለው የለም። አጎቱ እንግዳው ብርሃኑ ዝም አላለም። ለፍርድ ቤት በቀረበው ክስ በ1990 ገዳዮቹንና እነሱን ያነሳሳውን ድርጅት ከነመሪዎቹ 12.5 ሚሊዮን ዶላር አስፈረደባቸው። የአንድ ስደተኛ ቤተሰብ ነው ይህን ያደረገው፤ ጥቁር ነጭ ሳይል ከጎኑ በቆመ ጠበቃ ታግዞ።

እስራኤል ያሉ ወንድሞቻችንም ይህን ያውቁታል። በ2015 ደማስ ፓካዳ የተባለ ቤተ እስራኤል ወታደር የደንብ ልብሱን እንደለበሰ በፖሊስ ተደበደበ፣ የመንገድ ካሜራ ቀረጸው። በ2019 ደግሞ የ18 ዓመቱ ሰለሞን ተካ ከሥራ ሰዓቱ ውጪ በነበረ ፖሊስ ጥይት ተገደለ። ሁለቱም ጊዜ አደባባይ የሞላው ወጣቱ ነበር። እዚያ «እኛ የእነሱ ሰው አይደለንም» የሚባልበት መጠለያ እንኳ የለም፤ ሃይማኖቱም ዜግነቱም አንድ ነው።

አባትሽ ዲቪ የሞላበት በር ራሱ እንዴት እንደተከፈተ ብናስብ ደግሞ የባሰ ነው። ከ1965 በፊት የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ለአፍሪካ የሚሰጠው ኮታ ከምንም የማይቆጠር ነበር። ያ ኮታ የተሻረው ጥቁር አሜሪካውያን በውሻና በዱላ እየተባረሩ ለመብታቸው በታገሉባቸው በእነዚያው ዓመታት ነው። እኔ ይህን ሳስብ ባለ ዕዳ ነኝ እላለሁ።

የማኅበሩ ልጅ ያለችሽም ለዚህ ነው የከነከነሽ። «እናንተ ሐበሾች» ስትልሽ መልስ ማጣትሽ አያሳፍርም። ለመከላከል አትቸኩይ። አግኝተሽ «ልክ ነሽ፣ ቤታችን ውስጥ እንዲህ ይባላል። ወንድሜ ላይ ደግሞ እንዲህ ሆነ» በያት። ከዚያ ማኅበሩ ሥራ ሲከፋፈል ማንም የማይፈልገውን ውሰጂ፤ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ ለሌሎች ማኅበራት መደወል። ሰው የሚታመነው በዚያ ነው።

ቢሮ ውስጥ ስለ መቀመጡ የማስበውን ልንገርሽ። አንቺ እንድትታሰሪ አልፈልግም። ሥራው ስህተት ነው ማለቴ አይደለም፤ ዜጋ ብትሆኚ ሌላ ንግግር ነበር የምናወራው። የዜግነት ማመልከቻው ታስረህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ክሱ ቢነሣ እንኳ መልሱ አዎ ነው። ዛሬ ባለው ሁኔታ ደግሞ ግሪን ካርድ የያዙ ተማሪዎች ጭምር በተቃውሞ ምክንያት ኢሚግሬሽን ሲይዛቸው አይተናል። ለዚህ ነው እናትሽን ቃል ግቢላት ያልኩሽ። ለጓደኞችሽም በግልጽ ንገሪያቸው፦ «እዚያ ክፍል ውስጥ ልቀመጥ አልችልም፣ ከውጭ ያለውን ሥራ ስጡኝ።» እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ተቃውሞ ውጭ የሚሠራ ሰው ይፈልጋል። የጠበቃ ስልክ የሚይዝ፣ ማን እንደተወሰደ የሚመዘግብ፣ ለወላጅ የሚደውል። ናሽናል ሎየርስ ጊልድ የተባለው የጠበቆች ማኅበር በአረንጓዴ ኮፍያ የሚታወቁ ታዛቢዎችን ያሠለጥናል፣ ተማሪም ይቀበላል። እሱም ቢሆን ፈጽሞ አደጋ የለውም አልልሽም። ዜግነቱን ቶሎ አመልክቺ፣ ከዚያ በፊት ጠበቃ ያነጋግርሽ።

ደግሞስ የተማሪ ጉልበት ያለው እዚያ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው? ጆርጅ ፍሎይድ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ በግንቦት 25 ቀን 2020 ሚኒያፖሊስ ውስጥ በፖሊስ ሲገደል ፖሊስ ያወጣው የመጀመሪያ መግለጫ አንድ ሰው በጤና እክል ሞተ የሚል ነበር። ውሸቱን ያጋለጠችው የ17 ዓመት ልጅ ናት። ዳርኔላ ፍሬዚየር መንገድ ዳር ቆማ እየቀረጸች ስልኳን አላወረደችም። በማግስቱ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ፕሬዚዳንት ጃኤል ከራንዲ ለዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ጻፈች። ከከተማው ፖሊስ ጋር ያላችሁን ውል አቋርጡ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ መልሱልኝ አለች። በቀጣዩ ቀን ዩኒቨርሲቲው ለእግር ኳስ ግጥሚያና ለመሳሰሉት ትልልቅ ዝግጅቶች የከተማውን ፖሊስ እንደማይቀጥር አስታወቀ። አንድ ደብዳቤ ነው። ግን የጻፈችው ልጅ ዩኒቨርሲቲው ከማን ጋር ምን ውል እንዳለው ታውቅ ነበር።

እናንተስ ታውቃላችሁ? የግቢያችሁ ፖሊስ ስንት መሣሪያ የታጠቀ ሰው አለው? ከግቢ ውጭ እስከ የት ድረስ ሰው ማስቆም ይችላል? ከካውንቲው ፖሊስ ጋር ያለው ስምምነት ምን ይላል? ባለፉት ዓመታት ስንት ቅሬታ ቀረበበት፣ ስንቱስ እርምጃ ተወሰደበት? ሲንሲናቲ ከተማ በ2015 ሳሙኤል ዱቦስን በመኪናው ውስጥ ተኩሶ የገደለው የዩኒቨርሲቲ ፖሊስ ነበር፣ የሆነውም ከግቢ ውጭ ነው። መነሻው የፊት ታርጋ አለመኖሩ ነበር። ስለዚህ ጥያቄዎቼ የወረቀት ጥያቄ ብቻ አይደሉም።

መልሱን ማግኛ መንገድ ደግሞ አለ። አንቶን ብላክ የ19 ዓመት ወጣት ነበር። በ2018 በሜሪላንድ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ግሪንስቦሮ በምትባል ትንሽ ከተማ እናቱ እያየችው ፖሊሶች መሬት ላይ ተጭነውት ሞተ። ቤተሰቡ ምን እንደሆነ ለማወቅ ወራት ፈጀበት። በስሙ የተሰየመው ሕግ ከጥቅምት 2021 ጀምሮ የፖሊስ ጥፋት ምርመራ ሰነዶች በሕዝብ ጥያቄ እንዲታዩ ፈቅዷል። ሁሉም ይሰጣል ማለት አይደለም፣ የሚከለከልም አለ። ግን ዩኒቨርሲቲሽ የመንግሥት ነው፣ ስለዚህ አንድ ተማሪ በኢሜይል ሊጠይቀው ይችላል። ከማኅበሩ ሁለት ልጆች ይዘሽ፣ ጥያቄውን አርቅቀሽ ላኪ። መልሱ ይዘገያል፤ ቀኑን መዝግበሽ አስታውሻቸው።

ወረቀት ሰው ያድናል ወይ ትይኝ ይሆናል። ይህን ስሚ። በሜሪላንድ ለብዙ ዓመታት ሰዎች በፖሊስ ተይዘው ሲሞቱ የአስከሬን ምርመራ ቢሮው «አደጋ» ወይም «ምክንያቱ አልታወቀም» እያለ ይጽፍ ነበር። የቢሮው ኃላፊ የነበሩት ሐኪም በ2021 የጆርጅ ፍሎይድን ገዳይ በመደገፍ ፍርድ ቤት ቆመው መሰከሩ። ያኔ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሐኪሞች የድሮ ሥራቸው ይመርመር ብለው ፈረሙ። ነፃ ባለሙያዎች 87 የሞት መዝገቦችን እንደገና አዩ። ውጤቱ በ2025 ይፋ ሲሆን በ36ቱ ላይ መርማሪዎቹ ሁሉ በሰው እጅ የተፈጸመ ግድያ ነው ብለው ተስማሙ። 36 ቤተሰብ ለዓመታት ልጁ በሰው እጅ እንደሞተ ሳይነገረው ኖሯል። ይህን ያወጣው መዝገብ ከፍቶ ያነበበ ሰው ነው።

ጊዜ ካለሽ ፍርድ ቤትም ሂጂ። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው። በሜሪላንድ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ኮርት ዋች ፒጂ የተባለ የፈቃደኞች ቡድን የዋስትና ችሎቶችን ሲከታተል ቆይቷል። ተቀምጠው ያያሉ፣ ይጽፋሉ፣ ያዩትን ለባለሥልጣናቱ በደብዳቤ ያሳውቃሉ። ትርጉም የሚያስፈልገው አማርኛ ተናጋሪ እዚያ ገብቶ ሲደናበር ታያለሽ። አንቺ ከሌሎቹ ተማሪዎች የምትለዪው በዚህ ነው። ሰው ሲቆም ምን መብት እንዳለው፣ ቅሬታ የት እንደሚገባ በአማርኛ አንድ ገጽ አዘጋጅተሽ፣ ጠበቃ አሳይተሽ፣ በቤተ ክርስቲያናችሁ ወይም በመስጊዱ ለወጣቶችና ለወላጆች ብትሰጪ ማኅበሩ የማይደርስበት ቤት ደረስሽ ማለት ነው። የአባትሽ ጓደኞች፣ እነዚያ ሾፌሮች ሁሉ ያነቡታል።

ሴሚስተሩን አታቋርጪ። ስኮላርሺፕ አንዴ ከተቋረጠ መመለሱ መከራ ነው፣ በግቢው ስብሰባ የመናገር አቅምሽም ከተማሪነትሽ ጋር የተያያዘ ነው። በ1960 ግሪንስቦሮ፣ ሰሜን ካሮላይና በአንድ ሱቅ ውስጥ ነጭ ብቻ በሚስተናገድበት የምግብ ባንኮኒ ላይ የተቀመጡት አራት ልጆች የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ነበሩ። ትምህርታቸውን አልተዉም። ተራ እየገቡ ነበር የሚቀመጡት። ግቢው ለክረምት ሲዘጋ የአካባቢው ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ተረከቧቸው። የካቲት የጀመሩት ሐምሌ ላይ ሱቁ እጅ ሰጠ። የተማሪ ትግል ብዙ ጊዜ የሚሞተው ክረምት ላይ ነው፤ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄድና አስተዳደሩ እፎይ ይላል። አንቺ የዚያው አካባቢ ልጅ ነሽ፣ ክረምት የትም አትሄጂም። ሥራውን የምትረከቢው አንቺ ብትሆኚስ? ለማኅበሩ ይህን ሐሳብ አቅርቢ።

ስለ ሌሊቱ ቪዲዮ ግን እለምንሻለሁ፣ ተዪው። የማታውቂው ነገር የለም ከእንግዲህ። እያንዳንዱን ስታዪ ወንድምሽን ነው የምታዪው። ስልኩን ከመኝታሽ አርቂው። የወደቅሽባቸው ፈተናዎች አስተማሪዎች ውጤት ከመዝጋታቸው በፊት ሄደሽ በቤተሰቤ ላይ ችግር ደርሶ ነበር በያቸው፤ ዝርዝሩን መንገር የለብሽም። የግቢው የምክር አገልግሎት ነፃ ከሆነ ቀጠሮ ያዢ። ከተቻለ ወንድምሽም በትምህርት ቤቱ በኩል የሚያናግረው ሰው ያግኝ።

ሁሉንም በአንድ ሳምንት አትጀምሪ። በዚህ ሳምንት ከወንድምሽ ጋር ብቻ ተቀመጪ፣ የሆነውንም ጻፉት፣ የቪዲዮው ይጠበቅልን ደብዳቤም ይሂድ። በሚቀጥለው ጠበቃ። ማኅበሩ ጋ ያለሽን ድርሻ ደግሞ አሁኑኑ ንገሪያቸው፣ በቦታሽ ሌላ ሰው ይፈልጉ። እናትሽ ስለ አጎትሽ ካወራችሽ በኋላ ምን እንዳለች ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል። ወንድምሽ ቅሬታ አላስገባም ካለም ውሳኔውን አክብሪለት፣ ምናልባት ከስድስት ወር በኋላ ይፈልግ ይሆናል፤ ወረቀቱ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ዜጋ መሆኑን የሚያሳየውን የአሜሪካ ፓስፖርት ማመልከቻ ግን ለነገ አታሳድሩት፤ አባታችሁ የዜግነት ምስክር ወረቀቱን፣ የልጁን የልደት ካርድና ግሪን ካርዱን ይዞ አብሮት ይሂድ።